ሆፕስና ጌሾ በሸቤ ጓሮ

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ሸቤን ያየ ሰው፥ ቡናውና እንሰቱ፥ ኮረሪማውም በልምላሜ ቆሞ ሲያገኝ ይህች ምድር የማታበቅለው ነገር ያለ አይመስለውም። እኛም እንዲሁ ይመስለን ነበር። ዳሩ ግን የማኅበር ተራችን በደረሰ ቁጥር ለጠላው የሚሆነውን ጌሾ ከገበያ እንገዛ ነበር፤ ዋጋውም ከዓመት ወደ ዓመት ቢጨምርብን ጽዋውን ለሌላ እናስተላልፍ እስከ ማለት ደርሰን ነበር። እንዲህ ያለ ጭንቀት ያገኘው ቤት የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ስለምናውቅ፥ ያየነውን ለአንባብያን ለማካፈል ወደድን።

በመጀመሪያ የተከልነው ጌሾ ሳይሆን ሆፕስ መሆኑን መሸሸግ አይገባንም። አንድ ወዳጃችን ሥሩን ቢሰጠን የጌሾውን ወጪ ያስቀርልናል ብለን ተመኘን። ሆፕስ ለፋብሪካ ቢራ ምሬትን የሚሰጥ፥ መጠጡም ቶሎ እንዳይበላሽ የሚረዳ ሐረግ ነው። በፈረንሳይ አገር የኮርቢ ገዳም አበምኔት የነበሩት አዳልሃርድ በ822 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ባወጡት ሥርዓት ውስጥ ስሙ ተጠቅሶ ይገኛልና፥ ከገዳማውያን ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ ነው።

የእኛ ሆፕስ ግን ባቆምንለት እንጨት ላይ ከሰው ቁመት ሳያልፍ አበበ፤ ጥቂት ጥቃቅን ፍሬ ሰጥቶም ቆመ። ጥፋቱን በሙቀቱና በእርጥበቱ ላይ አድርገን ነበር፤ ዋናው ምክንያት ግን የቀን ርዝመት ነው። ሆፕስ የሚስማማው በበጋው ወራት ቀኑ እስከ 15ና 16 ሰዓት በሚረዝምበት አገር ነው፤ ቀኑ ሲረዝም ሐረጉ ያድጋል፥ ማጠር ሲጀምር ያብባል። በሸቤ ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል እምብዛም ስለማያልፍ፥ ተክሉ ገና ሳይጎለምስ የማበቢያው ጊዜ የደረሰ ይመስለዋል። በደቡብ አፍሪቃ በጆርጅ ከተማ አጠገብ ያሉ ገበሬዎች በኤሌክትሪክ መብራት ቀኑን ያስረዝሙለት ነበር። ይህ ለጓሮ የሚሆን ወጪ አይደለም።

ጌሾ መብራት አይጠይቅም። ከአገራችን ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪቃ ድረስ የሚገኝ፥ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ራምነስ ፕሪኖይደስ ይሉታል፤ በውስጡ ካሉት መራራ ነገሮችም አንዱን ጌሾይዲን ብለው በራሱ በአማርኛው ስም ሰይመውታል።

ፍሬው ቀልቶ ወደ ጥቁረት ሲሄድ ለቅመን ሥጋውን አጠብን፥ ፍሬውንም በጥላ አድርቀን ሳይቆይ በመደብ ዘራነው። ችግኙንም ዝናቡ ሲጸና አዛወርነው። በዚህ ላይ ያጠፋነው ጥፋት አለ፤ መሬቱ ለምለም ነው ብለን ከጓሮው ግርጌ ውኃ በሚያቁርበት ስፍራ ተከልነው። እስከ ነሐሴ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፥ ሥሩም በሰበሰ፤ ከሃያው ሦስት ብቻ ተረፈ። በማግሥቱ ዓመት ከላይ ባለው ተዳፋት ላይ አፈሩን ከፍ አድርገን፥ ቦይም ቀድደን ደግመን ተከልን። ያ ጸደቀ።

ከዚያ በኋላ ያስቸገረን ማድረቁ ነው። በእኛ አገር በክረምት የተቀጠፈ ቅጠል በአንድ ሌሊት ይሻግታል፤ የሻገተ ጌሾ ደግሞ ጥንስሱን ያበላሻል። የቡና ማድረቂያ አልጋ ያለው ቤት መድኃኒቱ በእጁ ነው። ቡናው ከአልጋው ከወረደ በኋላ በጥርና በየካቲት ቅጠሉን ሳስቶ ቢያሰጡት፥ ነፋሱ ከላይም ከታችም ስለሚያገኘው በጥቂት ቀን ይደርቃል። ነገር ግን ቡና የሌላውን ሽታ ቶሎ ይስባልና ሁለቱን በአንድ ጎተራ ማኖር አይገባም፤ ይህንን የነገሩን አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ናቸው፥ እኛማ ልናደርገው ነበር። ቅርንጫፉንም መጣል አያስፈልግም፤ ቅጠሉ ለጠላ ሲሆን እንጨቱ ለጠጅ ይሆናል። ቁጥቋጦውን ግን ፈጽሞ መላጨት ስለሚጎዳው ሲሶውን ያህል እንተውለታለን።

ባለፈው የኅዳር ሚካኤል ማኅበርተኞቻችን የጠጡት ጠላ ጌሾው ከገበያ አልመጣም። ጠላው ጥቂት መረረ፤ ባለቤቲቱ መጠኑን በገበያው ጌሾ ልክ አድርጋ ነበርና፥ የጓሮው ትኩስ ቅጠል ይበረታል። አሁን በመደቡ ላይ አሥራ አንድ ችግኝ አለን፤ አራቱ ለእኒያ ጎረቤታችን ናቸው።