የአሞኒያ ሪአክተር በሒሳብ መዝገብ

የአሞኒያ ሪአክተር ናይትሮጂንና ሃይድሮጂን በብረት ካታሊስት ላይ አልፈው አሞኒያ የሚሆኑበት ዕቃ ነው። ዩሪያ ማዳበሪያም የሚሠራው ከዚሁ አሞኒያ ነው። ካታሊስት ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ሲሆን፣ እዚህ በትንንሽ ጠጠሮች መልክ ተከምሯል። ግፊቱ ከ100 ከባቢ አየር፣ ሙቀቱ ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚያልፍ ዕቃው እየሠራ ተከፍቶ አይታይም። ያለው መንገድ ጥቂት ቦታ ላይ ለክቶ የቀረውን በስሌት መሙላት ነው።

ስሌቱ የባለሱቅ መዝገብ ይመስላል። ክምሩ በሐሳብ በቀጫጭን ንብርብሮች ይከፈልና ለእያንዳንዱ ምን ያህል ጋዝ እንደገባ፣ እንደተለወጠና እንደወጣ ይጻፋል፤ ለሙቀትም ሌላ መዝገብ ይከፈታል። ከዚያ የለውጡ ፍጥነት ቀመር ያስፈልጋል። ለአሞኒያ ይህን ቀመር እ.ኤ.አ. በ1940 ያቀረቡት የሶቭየት ኅብረት ሳይንቲስቶች ቴምኪንና ፒዤቭ፣ ሥራውን የሚያጓትተው ናይትሮጂን ብረቱ ላይ የሚያዝበት ደረጃ ነው ብለው ተነሡ። በ2007 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጀርመናዊው ጌርሃርድ ኤርትልም የብረቱን ገጽ መርምሮ ግምታቸውን የሚደግፍ ማስረጃ አግኝቷል።

ተመራማሪን በቀላሉ የሚያሳስተው ግን ጠጠሩ ነው። ጠጠሩ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ጋዙ ወደ ውስጥ ሰርጎ መግባት አለበት። ለውጡ ከስርገቱ ከፈጠነ ጋዙ ከቅርፊቱ ሳያልፍ ያልቃል፤ መሐሉ ሥራ ፈት ይሆናል። አሜሪካዊው ኧርነስት ቲሌ በ1939 ሁለቱን ፍጥነቶች በአንድ ቁጥር አነጻጸረ። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን፣ በቤተ ሙከራ የተለካው ፍጥነት የኬሚስትሪው ብቻ አይደለም፤ የስርገቱ መዘግየትም ተቀላቅሎበታል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ጠጠሩን አድቅቆ እንደገና መለካት። በግራም የሚገኘው ፍጥነት ከጨመረ የመጀመሪያው ልኬት አይታመንም።

ሙቀቱ ሌላ ጣጣ አለው። እያንዳንዱ ሞል ናይትሮጂን አሞኒያ ሲሆን 92 ኪሎጁል ገደማ ይለቀቃል፤ ይህም ሙቀት ቀዝቃዛውን መጪ ጋዝ ያሞቃል። ቫን ሄርደን በ1953 የሚመነጨውን ሙቀት እንደ «ኤስ» ፊደል በተጠማዘዘ መስመር፣ የሚወሰደውን በቀጥታ መስመር ሣለ። መስመሮቹ ሦስት ቦታ ሊገናኙ ይችላሉ፤ የላይኛው የሚሠራ ሪአክተር፣ የታችኛው የጠፋ ሪአክተር ነው፤ በመካከለኛው ላይ ግን ሪአክተሩ ሊረጋ አይችልም። የመጪው ጋዝ ሙቀት ከወሰኑ በጥቂቱ ቢወርድ ሪአክተሩ ይጠፋል። ከጠፋ በኋላ ጋዙን ወደ ቀድሞ ሙቀቱ መመለስ ብቻውን አያስነሣውም፤ በማስነሻ ማሞቂያ ከዚያ በላይ ማሞቅ ያስፈልጋል።