ሕመሙን የማይናገር በሽተኛ

ትልቅ ሰው ሲታመም «ጎኔን ወጋኝ፤ ራሴን ፈለጠኝ» ብሎ ይናገራል። ሕፃን ግን ከልቅሶ በቀር ሌላ ቋንቋ የለውም፤ ሕመሙ ሲበረታበትም ልቅሶውን እንኳ ይተዋል። ይህን ዝምታ መተርጐም የነርስ ሥራ ነው። በከተማ ሆስፒታል ያለችው ነርስ ቢቸግራት የሕፃናት ሐኪም ታማክራለች፤ በገጠር ጤና ጣቢያ ያለችው ግን ብዙውን ጊዜ የምታማክረው ሰው የላትም።

ባለፈው ክረምት እንዲህ ካለች አንዲት ነርስ ዘንድ ግማሽ ቀን ተቀምጠን ነበር። አንዲት እናት የአሥር ወር ልጅዋን አዝላ፣ ሦስት ሰዓት በጭቃ ተጕዛ ደረሰች። ነርሷ የሕፃኑን ደረት ገልጣ፣ ሰዓትዋን እያየች ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቈጠረች። 58 ሆነ። በዚያ ዕድሜ ላለ ሕፃን 50 ከደረሰ የሳንባ ምች ምልክት ነው።

«ምነው ዘገየሽ፣ እናቱ?» አለቻት።

«ሲስተር፣ እንጥሉ ወርዷል ቢሉን አስቈረጥነው፤ ባሰበት እንጂ አልተሻለው።»

እኛ ልንቈጣ ቃጣን፤ ነርሷ ግን አልተቈጣችም። እናቲቱ ከሄደች በኋላ ምክንያቱን ብንጠይቃት «ዛሬ ብቈጣት ሁለተኛውን ልጅ አታመጣልኝም» አለችን። ይህን ጥበብ እኛ በዩኒቨርሲቲ አልተማርነውም።

የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው በክብደት ነው። የሕፃናቱ ሚዛን ግን ከተሰበረ ወራት አልፎታል። ስለዚህ በዕድሜው ገምታ ሰጠችው፤ ልጁ ግን ለዕድሜው ከሲታ ነበር። መድኃኒት ቢያንስ አያድንም፣ ቢበዛ ይጐዳልና ግምቷ እንዳስጨነቃት ከፊቷ ይነበብ ነበር።

ድካሙ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ለገጠሩ ሕዝብ የጤና መኰንኖችንና ነርሶችን ያሠለጥን ዘንድ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተበት ከ1947 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ መንገድ ተሄዷል። በ1992 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደ ነበር ታውቋል፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቍጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ክትባቱ፣ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በየጤና ጣቢያው ያሉት ነርሶች ለዚህ ደክመዋል። ነገር ግን 67ም ቢሆን የሕፃናት ቍጥር እንጂ የጤፍ ቍና አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ ከእናንተ መካከል ዛሬ ወይም ነገ በወረዳ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ የሚይዙ አሉ። «የሕፃናት ሚዛን ይገዛልን» የሚል ደብዳቤ በእጃችሁ ያልፋል። በመዝገብ ቤት ሲያድር አንድ ተራ ወረቀት ይመስላል፤ ከወዲያ ማዶ ግን ትንፋሽ የምትቈጥር ነርስ መልሱን ትጠብቃለች። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእናቲቱ ብቻ አይደለም፤ ለጸሐፊውና ለኃላፊውም ጭምር ነው።

ነርሷ እናቲቱን «በሦስተኛው ቀን መልሰሽ አምጪው» ብላ ሸኘቻት። እኛ በማግስቱ ወደ ከተማችን ተመለስን። እርስዋ ግን በሦስተኛው ቀን በሩን በሩን ስታይ እንደምትውል አንጠራጠርም።