የቱርክ ስኮላርሺፕ፦ ከማመልከታችን በፊት

ጥር ሲገባ የዶርማችን ወሬ የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ «ቱርኪዬ ቡርስላሪ» ይሆናል። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፤ ክፍያ የለውም። «እኔ አስገባላችኋለሁ» ለሚል ደላላ የአባቶቻችንን ላብ አንስጥ። ለማስተርስ ዕድሜ ከ30 በታች፣ ውጤት ቢያንስ ከመቶ 75 ይጠየቃል። ላለፈ ሰው የትምህርት ክፍያው፣ ዶርሙ፣ የኪስ ገንዘቡና የአውሮፕላን ትኬቱ ይሸፈናል። ቱርክኛ ለማናውቅ ግን መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋ አለ፤ እናቶቻችን ይህንን ቀድመው ይስሙት።

ከቅጹ ይልቅ የሚከብደን የቤት ተስፋ ነው። ገና ሳናመለክት ሰፈሩ «ሊሄድ ነው» ይላል (ዱዓውን ግን አንጠላም)። ሳይሳካ ሲቀር ስልክ ማንሳት የሚያፍር ስንት ልጅ አለ! እንግዲህ ማመልከታችንን ለወላጅ ብቻ እንንገር፤ ኢስቲኻራም እንስገድ። የዓላማ መግለጫ ደብዳቤ የጀመራችሁ ከጁምዓ በኋላ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናርመዋለን።