መጀመሪያ መውደቅ ይማራሉ

በከተማ አስፋልት ላይ ልጆች ባለጎማ ጫማ አስረው ሲንሸራተቱ አይታችሁ ይሆናል። ጫማው ሮለር ይባላል። በዚህ ጫማ የሚደረግ አንድ ጨዋታ አለ። ስሙ ሮለር ደርቢ ነው። የተጀመረው በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ፣ ነሐሴ 7 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ያዘጋጀው ሊዮ ሴልዘር የሚባል ሰው ነበር። ያን ጊዜ ውድድሩ አዳራሽ ውስጥ ለብዙ ቀናት መዞር ነበር። ግፊያና ነጥብ በኋላ ተጨመረበት። ከዚያ ተዳክሞ ቆየ። በ1993 ዓ.ም. በቴክሳስ፣ በኦስቲን ከተማ፣ ሴቶች እንደገና አስነሡት።

ይህን በማታው ክፍል ስናወራ አንዲት እናት «ታዲያ ተጫዋቾቹ ልጆች ናቸው?» አሉን። አይደሉም። ነርስ አለች፣ አስተማሪ አለች፣ የልጆች እናት አለች። በ30 እና በ40 ዓመታቸው ሮለር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስሩ ሞልተዋል። ደመወዝ የለም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ መዋጮ ይከፍላሉ።

ሜዳው ሞላላ ነው። ከየቡድኑ 5 ሰው ይገባል። ከአምስቱ አንዷ ሄልሜቷ ላይ ኮከብ አለባት፤ ጃመር ትባላለች። ተጋጣሚዎቿን አንዴ ካለፈች በኋላ ዞራ ስትመጣ፣ ለምታልፋት ለእያንዳንዷ 1 ነጥብ ታገኛለች። ሌሎቹ መንገድ ይዘጋሉ። በትከሻና በዳሌ መግፋት ይፈቀዳል። በእጅ መግፋት፣ በክርን መምታት ክልክል ነው።

ጀማሪ ግን ወደ ግፊያው አትገባም። መጀመሪያ የምትማረው መውደቅ ነው። ይህን ስንሰማ እኛም ስቀናል። መውደቅ ይማሩታል እንዴ? ነገሩ ግን ምክንያት አለው። ጀማሪ ሚዛን ስትስት ወደ ኋላ ትንጋለላለች፤ እጇን ወደ መሬት ትሰዳለች። የእጅ አንጓ የሚሰበረው ያኔ ነው። ስለዚህ ጉልበቷን አጥፋ ዝቅ ማለት ትማራለች። መውደቅ ካልቀረ ወደ ፊት፣ በጉልበት መከላከያው ላይ ነው። ጣትም ይጨበጣል፤ አለዚያ የሌላዋ ጎማ ይሄድበታል። ከዚያ መሬት ሳይደገፉ ቶሎ መነሣት ነው። ይህንኑ ደጋግመው ይሠሩታል። ቀጥሎ ማቆም ይመጣል፤ እግርን ከፈት አድርጎ የጫማውን አፍንጫ ወደ ውስጥ ማዞር።

«ልጄ፣ ትልቅ ሰው በሰው ፊት ሲወድቅ አያፍርም?» አሉን እኒያው እናት። እሳቸው ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ውጡ ስንላቸው ሁለት ሳምንት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ስበው እምቢ ብለውን ነበር።

ያፍራል እንጂ። ግን ያፈረ ሰው እግሩን ያደርቃል፤ ጉልበቱን አያጥፍም። ስለዚህ የባሰ ይወድቃል። ደግሞ እዚያ የቆየችዋም ትወድቃለች፤ ማን ማንን ይስቃል?

ፈተናም ነበር። ጀማሪዋ ግፊያ ከመግባቷ በፊት በ5 ደቂቃ 25 ጊዜ ሜዳውን መዞር ነበረባት። በኋላ 27 አደረጉት።

«27 ያልሞላችውስ?» አሉ እማማ።

ሌላ ቀን ትፈተን ነበር አልናቸው። እስከዚያው ከፈለገች ከዳር ሆና ሰዓት ትይዝ፣ ነጥብ ትመዘግብ ነበር።

«እሱንስ እኔም እይዘው ነበር» አሉን፣ እርሳሳቸውን እየፈለጉ።