በጥር የታየ ቤት

ብዙዎቻችን ቤት የምንፈልገው በበጋ ነው። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች፣ ግቢው ደርቋል፣ ደላላውም ቸኩሏል። እኔም አንድ ጊዜ በጥር ያየሁትን ምድር ቤት ወድጄ የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ከፈልኩ። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ከአልጋ ስወርድ እግሬ ውሃ ውስጥ ገባ። ጫማዬ ተንሳፍፎ በሩ ጋ ደርሷል። ጠዋት አከራዬ ብቅ ብለው "ውይ፣ ዘንድሮም ገባ?" አሉኝ። ያቺን "ዘንድሮም" እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

አዲስ አበባ ላይ ጎርፍ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ የፈለገ ቀና ብሎ እንጦጦን ይይ። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ ላይ ከተማዋ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። ላይ የዘነበው ዝናብ በቀጨኔ፣ በቀበናና በግንፍሌ ወንዞች ቁልቁል ይነጉዳል፤ ትልቁንና ትንሹን አቃቂ ሞልቶ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። ስለዚህ እርስዎ ሰፈር ጠብ ሳይል ከደጅዎ ያለው ወንዝ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋን በሌሊት የመታው ጎርፍም የወረደው ከሐረርጌ ደጋ ነበር። የከተማዋ ወንዝ ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚከርም፣ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ነው፤ በዚያ ሌሊት ግን ከ250 በላይ ሰው ሞተ። እና "ወንዙ እኮ ደረቅ ነው" ለሚል ሻጭ ጆሮ አይስጡ።

ደግነቱ ውሃ አሻራ ይተዋል። መጀመሪያ ግድግዳውን ዝቅ ብለው ይመልከቱ። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል? ፕላስተሩ አብጦ፣ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት አውጥቷል? የቁም ሣጥኑ ጀርባ ሻጋታ ይሸታል? ፍሪጁና አልጋው ጡብ ላይ ከተቀመጡ ባለቤቶቹ በምላሳቸው ያልነገሩዎትን በዕቃቸው ነግረውዎታል። ከዚያ ወደ ውጭ ይውጡና የጎረቤቶቹን በር ይቁጠሩ። ሁለት ሦስቱ ደጃፋቸው ላይ ብሎኬት ደርድረው ወይም የበሩን ደፍ በሲሚንቶ ከፍ አድርገው ከሆነ በትርፍ ገንዘባቸው ሲጫወቱ አይደለም። ወንዝ ዳር ከሆነ ደግሞ ዛፎቹንና የሽቦ አጥሩን ያስተውሉ፤ ቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሞ የቀረ ፌስታልና ጭራሮ ባለፈው ክረምት ውሃው የት ድረስ እንደወጣ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የእኔ ደላላ እንዲህ ያለውን ፌስታል "ንፋስ ነው" ብሎኝ ነበር።

መንገዱም ይናገራል። አስፋልትና ኮብልስቶን በታደሰ ቁጥር መንገዱ ከፍ እያለ አሮጌ ግቢዎች ጉድጓድ ውስጥ ይቀራሉ። ከመንገድ ወደ ግቢው ወርደው የሚገቡ ከሆነ ውሃውም ተከትሎዎት ይወርዳል። በሩ ፊት ያለው ዲች በአፈርና በፕላስቲክ ጠርሙስ ከተደፈነ ስፋቱ ምንም አይጠቅምም። በከተማዋ ደቡብና ምሥራቅ በብዛት የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ያብጥና ውሃ አላሳልፍ ብሎ ያቁራል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ወንዝ ባይኖርም ግቢው ሊጥለቀለቅ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ሰው ይጠይቁ፤ ሻጩንና ደላላውን ግን አይደለም። ማዶ ያለውን ባለሱቅ፣ የሰፈሩን ዘበኛ፣ ጠላ የሚሸጡትን እናት። "ጎርፍ ይገባል ወይ?" ካሉ የሰፈራቸውን ስም ላለማጥፋት "ኧረ በጭራሽ" ሊሉዎት ይችላሉ። "ዝናብ ሲጥል በየት በኩል ነው የምታልፉት?" ብለው ቢጠይቁ ይሻላል። በእጃቸው እየጠቆሙ የውሃውን መንገድ ይስሉልዎታል።

ኮንዶሚኒየም የሚገዛ ሰው "እኔ የምገዛው ፎቅ ነው" ብሎ ይዘናጋል። ምድር ቤት ከሆነ ግን ጣጣው ከውጭ ብቻ አይመጣም፤ ዋናው የፍሳሽ መስመር ሲሞላ ውሃው የሚገነፍለው ዝቅ ካለችው ቀዳዳ፣ ማለትም ከሻወርዎ ወለል ነው። ተዳፋት ላይ ያለ ቤትም የራሱ አደጋ አለው። ከበላይዎ ድጋፍ ግንብ ካለ ውሃ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች እንዳሉትና ሆዱ እንዳልተነፋ ይመልከቱ፤ ከጀርባው ውሃ ያዘለ ግንብ ይደረመሳል።

ኮምፒውተር ያለው ሰው ጉግል ኧርዝን ቢከፍት የቦታውን ከፍታ ያያል፣ የቆዩ ምስሎችንም ወደ ኋላ እየመለሰ ሰፈሩ ቀድሞ ረግረግ ወይም የወንዝ ዳር እርሻ እንደነበር ሊያጣራ ይችላል። የሚያምር የይዞታ ካርታ ያለው ቦታ ሁሉ ደረቅ ቦታ አይደለምና።

ሐምሌን መጠበቅ ካልቻሉ የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ አለልዎት። ቀብዱን ኪስዎ ውስጥ ይዘው አንድ ዶፍ እስኪወርድ ይታገሡ፤ ከዚያ ጃንጥላ ይዘው ይሂዱና በሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቁሙ። ውሃው ዲቹን ይዞ ከሄደ ስለ ዋጋው ማውራት ይችላሉ። ጫማዎን አውልቀው ሱሪዎን ሰብስበው የሚሻገሩ ከሆነ ግን ደላላውን አመስግነው በመጡበት ታክሲ ይመለሱ።