የኤሌክትሪክ ተሳቢ መንገድ ላይ ቢቆም

ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ ይመጣል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ይራገፋል። ከዚያ በባቡርና በከባድ መኪና ተጭኖ ወደ አገር ውስጥ ይገባል። መኪናው መንገድ ላይ ከቆመ ማዳበሪያው ይዘገያል። ማዳበሪያው ቢዘገይ ደግሞ ዝናቡ አይጠብቀውም። ስለዚህ የመኪና ብልሽት የሹፌሩ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የገበሬውም ጉዳይ ነው።

እኛ የምናስተምረው በሳሪስ አቦ አካባቢ ነው። ሳሪስ አቦ ከአዲስ አበባ ወደ ቃሊቲ፣ ወደ አቃቂ፣ ወደ ቢሾፍቱና ወደ ሞጆ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ቀን ከሌት ተሳቢ ያልፋል። አንዱ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ከኋላው ድንጋይ ይደረደራል፤ ቅጠል ይጣላል። ረዳቱ ከመኪናው ሥር ይገባል። ሰው ይሰበሰባል። አንዱ «ግፉት!» ይላል። ሌላው «ሽቦ አምጡ!» ይላል። የናፍጣ መኪና እንዲህ ሲሆን ኖሯል።

አሁን ግን ሌላ ዓይነት መኪና መጥቷል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ትንንሽ መኪናዎች በከተማው በዝተዋል። በመንገዳችን የሚያልፉት ተሳቢዎች አብዛኞቹ አሁንም የናፍጣ ናቸው። በቻይና፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ግን የኤሌክትሪክ ተሳቢ ጭነት ያመላልሳል። ወደ እኛም መንገድ ሊመጣ ይችላል። ሳይመጣ ማወቁ ይሻላል።

ይህ መኪና ምን ዓይነት ነው?

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ባቡሩ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ነው። ተሳቢው ግን ኤሌክትሪኩን በባትሪ ተሸክሞ ይጓዛል። ሩቅ መንገድ የሚሄድ ተሳቢ ባትሪው ብቻ ከ20 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ሲያልቅ እንደ ሞባይል ስልክ ቻርጅ ይደረጋል።

ይህ መኪና ናፍጣ አይጠጣም። ኖዝል የለውም፤ የሞተር ዘይት የለውም፤ ፍሪሲዮን የለውም። የሌለ ነገር ደግሞ አይበላሽም። ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። እየያዘም ባትሪውን ይሞላል። ስለዚህ ፍሬኑ ቶሎ አያልቅም። ይህ ሁሉ ትልቅ ጥቅም ነው።

ታዲያ ለምን ይቆማል?

አንደኛ፣ ጎማ ነው። መኪናው አዲስ ቢሆንም መንገዱ ያው ነው። ጎማ ይፈነዳል። ይህንን ጎሚስታው እንደ ድሮው ይሠራዋል።

ሁለተኛ፣ ትንሹ ባትሪ ነው። ከትልቁ ባትሪ ሌላ እንደ ማንኛውም መኪና ትንሽ ባትሪ አለ። ኮምፒውተሩንና መብራቱን የሚያነቃው እርሱ ነው። ትንሹ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ቁልፉ እንደጠፋ ማለት ነው። በጀርመን አገር የመንገድ ላይ እርዳታ ሠራተኞች በኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ላይ በብዛት የሚያገኙት ብልሽት ይኸው የትንሹ ባትሪ ነው።

ሦስተኛ፣ ሙቀት ነው። ትልቁ ባትሪ በቱቦ በሚዞር ፈሳሽ ይቀዘቅዛል። ፈሳሹ ካልዞረ ባትሪው ይግላል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። አንዳንዱ መኪና በሹፌሩ ፊት የኤሊ ሥዕል ያሳያል። «እንደ ኤሊ ቀስ በል» ማለቱ ነው። በአፋር ቆላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አራተኛ፣ ቻርጅ ማለቅ ነው። የናፍጣ ሹፌር ነዳጅ ቢያልቅበት ረዳቱን ጀሪካን አስይዞ ይልካል። ኤሌክትሪክ ግን በጀሪካን አይቀዳም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው። ጅቡቲ ከባሕር ዳርቻ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። ጭነቱ የሚመጣው ዳገቱን ይዞ ነው። ዳገት ደግሞ ባትሪ ይጨርሳል። ስለዚህ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ በየመንገዱ ያስፈልጋል። መብራት ከጠፋ ጣቢያውም ሥራ ይፈታል።

ምን አይደረግም?

የኤሌክትሪክ ተሳቢን ገፍቶ ማስነሳት አይቻልም።

በገመድ አስሮ መጎተትም አይገባም። ጎማው ሲዞር ሞተሩ ይዞራል፤ ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህም መሣሪያውን ያቃጥላል። ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው መጎተት አለበት። ወይም ባለሙያ ሞተሩን ከጎማው ያላቅቀው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርቱካንማ ሽቦ አይነካም። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። እርሱም ሰው ይገድላል። የዚህ መኪና ትልቁ ባትሪ ከ400 እስከ 800 ቮልት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ አለው። ይህን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ወፍራም ሽቦ ብርቱካንማ ቀለም አለው። የመብረቅ ሥዕል ያለበት ሣጥንም እንደዚሁ ነው። ሹፌሩም ረዳቱም አይከፍቱትም። የተማረ ባለሙያ ብቻ ይከፍተዋል።

እሳት ቢነሣስ?

በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ ኒኮላ በሚባለው ኩባንያ ግቢ የቆሙ የኤሌክትሪክ ከባድ መኪናዎች ተቃጠሉ። ሲመረመር በአንዱ ባትሪ ውስጥ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ያፈስ ነበር። ኩባንያው 209 መኪናዎችን ለጥገና ጠራ።

ነሐሴ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በካሊፎርኒያ አንድ የቴስላ ተሳቢ ከመንገድ ወጥቶ ዛፍ ገጨ። ባትሪው ተቃጠለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወደ 190 ሺህ ሊትር ውሃ አፈሰሱ። ይህ ከ900 በርሜል በላይ ነው። መንገዱም ለብዙ ሰዓት ተዘጋ። ደግነቱ የሞተ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ አስቡት! በባልዲና በአፈር የሚጠፋ እሳት አይደለም። ጠፋ ሲባልም ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊነሣ ይችላል። ጭሱም መርዝ ነው።

ስለዚህ ከመኪናው ሥር ጭስ ቢወጣ ወይም የመትነን ድምፅ ቢሰማ ሹፌሩ ቶሎ ከጋቢናው ይውጣ። ሰዉም ይራቅ። ልጆችና ከብቶች ይወሰዱ። ነፋሱ ከእናንተ ወደ መኪናው በሚነፍስበት በኩል ቁሙ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲጠሩ «የኤሌክትሪክ መኪና ነው» ተብሎ ይነገራቸው። ጭነቱን ለማትረፍ ማንም አይግባ። ማዳበሪያ ይተካል፤ ሰው አይተካም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ብርቱካንማውን ሽቦና የመብረቁን ሥዕል የሚያውቅ ሰው ለማያውቀው ይንገር። ይህንንም ገጽ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

ተወያዩ

1. ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናው የማይነሣው ለምንድን ነው?
2. ብርቱካንማ ሽቦ ስታዩ ምን ታደርጋላችሁ?
3. በእናንተ አካባቢ መኪና ሲበላሽ ሰው ምን ያደርጋል? ከዚህ ውስጥ ለኤሌክትሪክ መኪና የማይሆነው የትኛው ነው?