ጆ ሆል

ጆ ሆል (እ.ኤ.አ. 1881–1919) በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በካናዳ ያደገ የበረዶ ሆኪ ተከላካይ ነበር። የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ስለት ባለው ጫማ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ጠፍጣፋ የጎማ ክብ በበትር የሚመቱበት ጨዋታ ነው፤ በትሩ የገና ጨዋታን በትር ይመስላል።

ሆል ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ለፖርቴጅ ሌክስ ቡድን ተጫወተ። ቡድኑ የነበረበት ሊግ ለተጫዋቾቹ በይፋ ደመወዝ በመክፈል የመጀመሪያው ነበር። በኋላም ከኬቤክ ቡልዶግስ ጋር በ1912 እና በ1913 የስታንሊ ዋንጫን አግኝቷል። በኃይለኛ አጨዋወቱ «ክፉው ጆ» ይባል ነበር፤ ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣለትም፦ ናሽናል ሆኪ ሊግ በ1917 ተመሥርቶ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የውድድር ዘመናት ከማንም በላይ የቅጣት ደቂቃ የተቆጠረበት እሱ ነው። ያን ጊዜ የሞንትሪያል ካናዲየንስ ተጫዋች ነበር።

በ1919 ካናዲየንስ ለዋንጫው ከሲያትል ሜትሮፖሊታንስ ጋር በሲያትል ከተማ ተጋጠመ። ከአምስት ጨዋታ በኋላ ሁለቱም ሁለት ሁለት ጊዜ አሸንፈው አንዱን ያለ ጎል አቻ ወጥተው ነበር። ነገር ግን በአገራችን «የኅዳር በሽታ» የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ሆልንና በርካታ ጓደኞቹን ጣላቸው። የካናዲየንስ ሥራ አስኪያጅ ጆርጅ ኬኔዲ ዋንጫውን ለሲያትል ለመልቀቅ ፈቀደ፤ የሲያትሉ አሠልጣኝ ፒት ማልዱን ግን የታመመ ቡድን ዋንጫ አልወስድም አለ። ስድስተኛው ጨዋታ ሊደረግ በታሰበበት በአፕሪል 1 ቀን ውድድሩ ተሰረዘ። ሆል ከአራት ቀን በኋላ በሳንባ ምች በ37 ዓመቱ እዚያው ሲያትል ሞተ።

በ1961 ስሙ በሆኪ የዝነኞች አዳራሽ ገብቷል። በዋንጫው ላይ ለ1919 የሁለቱም ቡድኖች ስም ተቀርጿል፤ ከሥሩ ውድድሩ እንዳልተጠናቀቀ ተጽፏል።